«ከብት ብቻ» ብዬ የጻፍኩበት በር

እኔ ለአንድ ሙሉ ካውንቲ ቁጥር የሰጠሁ ሰው ነኝ። ብቻዬን አይደለም፤ ዌንደል ከሚባል የቴክሳስ ሽማግሌ ጋር ነው። ባለፈው ወር ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ ኬክ ገዝቶ፣ ስሜን ኬኩ ላይ አሳስቶ አስጽፎ፣ «የካውንቲውን በር ሁሉ የሚያውቅ ሰው» ብሎ አጨበጨበልኝ። አመስግኜ ኬኬን በላሁ። ውስጤ ግን አንድ በር ነበር። ከሚያጨበጭቡት መካከል ያንን በር የምታውቀው አለቃዬ ካረን ብቻ ነበረች፤ እሷም እያጨበጨበች ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

ቤት ስገባ ባለቤቴ አልማዝ፣ «አሁን እንግዲህ ጊዜ አለህ፤ ጻፈው» አለችኝ። «የቱን?» አልኳት። «የምታውቀውን» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ነው የምትሠራው፤ ነገር ማስረዘም አትወድም።

ሙያዬ ቅየሳ ነው። ሀገር ቤት ለመንገድ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ መለኪያ ተሸክሜ ዞሬያለሁ፤ ጅማ፣ ነቀምት፣ ወልድያ። የመጀመሪያው አለቃዬ ጣልያን ነበር፤ ስንሳሳት ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ ይወረውራል። ከእሱ በኋላ የመጣው የሀገሬ ሰው ባርኔጣ አልነበረውም፤ እሱ ደሞዝ ነበር የሚቆርጠው። ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ፣ ሱዳን ገባሁ፣ ዳላስ ስደርስ ሃምሳ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። መሀል ከተማ መኪና ማቆሚያ ጠበቅሁ፣ ቀጥሎ ከኤርፖርት ታክሲ ነዳሁ። መንገድ ስለካ የኖርኩ ሰው በሌላ ሰው መንገድ ላይ ስመላለስ ዓመታት አለፉ።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ዴንተን ከተማ የሚማር አንድ የሀገር ልጅ ኮል አደረገልኝ።

«ጋሼ፣ እዚህ ስኩል ቦርድ ላይ አንድ ጆብ ተለጥፎ አየሁ። ካውንቲው ለ911 ማፕ የሚሠራ ሰው ሃየር ያደርጋል። ሶ፣ እርስዎ ኢንጂነር ነዎት አይደል?»

«ቀያሽ ነኝ።»

«ኦኬ፣ ያው ነው። አፕላይ ያድርጉ።»

ያው አይደለም፤ ግን አፕላይ አደረግሁ። ካረን የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ውሻ ትፈራለህ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ጥሩ፤ የሚነከሱብን የማይፈሩት ናቸው» ብላ ቀጠረችኝ።

ካውንቲው፣ እንደ እኛ ወረዳ ያለ፣ ከዴንተን አልፎ ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ከዳላስ አንድ ሰዓት ተኩል ተነድቶ የሚደረስበት፣ ዳላስ ውስጥ ግን ማንም የማያነሳው ዓይነት ነው። መሀሉ ላይ አንዲት ከተማ አለች። የከተማዋ መሀል ላይ የድንጋይ ፍርድ ቤት አለ፤ ማማው ላይ በአራቱም ወገን ሰዓት ተሰቅሏል፤ አራቱም የተለያየ ሰዓት ያሳያሉ። ከዚያ ወዲያ መሬት ነው። ምሥራቁ ጥቁር አፈር ነው፣ ድርቆሽ ይታጨድበታል። ምዕራቡ ቀይ አሸዋ ነው፤ ድሮ ኦቾሎኒ ይዘራበት ነበር፣ አሁን ከብትና አጫጭር የኦክ ዛፍ ነው ያለው። እዚህም እዚያም የነዳጅ መሳቢያ ብረት ቀኑን ሙሉ ሲሰግድ ይውላል። ቤተ ክርስቲያናቸው ከሱቃቸው ይበዛል። እሳት የሚያጠፉት ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ሲደወልላቸው ትራክተራቸውን መስክ ላይ ጥለው ይሮጣሉ። ወጣቱ ወደ ዳላስና ወደ ማኪኒ ሄዷል፤ የቀሩት ሽማግሌዎችና ላም ለማለብ ከሜክሲኮ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው።

እነዚህ ሰዎች አድራሻ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ፖስታ ቤቱ የሚያውቃቸው በሳጥን ቁጥር ነው፤ ሳጥኖቹ ደግሞ ከየቤቱ ርቀው አስፋልቱ ዳር በአንድ ላይ ተደርድረው ይቆማሉ። ሰው ቤቱን ሲያመለክት «የተቃጠለው ቤተ ክርስቲያን ጋ ወደ ግራ ታጠፍ» ይላል። ቤተ ክርስቲያኑ ከተቃጠለ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ቦታው ላይ ሣር ነው ያለው። ተወላጁ ይህን ያውቃል፤ ከሌላ ቦታ ተቀጥሮ የመጣ የአምቡላንስ ሹፌር ግን አያውቅም። ሰው ታሞ 911 ብሎ ለእርዳታ ይደውላል፤ አምቡላንሱ በአቧራው መንገድ ወዲያና ወዲህ ሲል ጊዜው ያልፋል። የእኛ ሥራ ይህን ማስቀረት ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። መንገዱ ስም ይሰጠዋል። ከመነሻው ጀምሮ እያንዳንዱ ማይል ለአንድ ሺህ ይከፈላል፤ ጎዶሎ ቁጥር በግራ፣ ጥንድ ቁጥር በቀኝ። ስለዚህ 2316 የሚል ቤት ከመነሻው ሁለት ማይል አልፎ፣ ከሦስተኛው ማይል ሲሶ ሳይሞላ፣ በቀኝ በኩል ነው። ሹፌሩ ቁጥሩን ብቻ ሰምቶ የት ድረስ እንደሚነዳ ያውቃል። እኔ በሥራ ዘመኔ ከዚህ የተዋበ ነገር አላየሁም። ፒክአፓችን ውስጥ ከጎማው ጋር የተያያዘ ርቀት ቆጣሪ ነበር። ጎማ አየሩ ሲጎድል ርቀት ስለሚዋሽ፣ ጠዋት ጠዋት አየሩን ሳልለካ አልነሳም ነበር፤ ሰኞ ሰኞም አስቀድመን በሜትር የለካናት አንዲት ማይል ላይ ነድተን ቆጣሪውን እንፈትነዋለን። መንገድ ስም ማውጣቱ ደግሞ ራሱን የቻለ ፍርድ ነበር። አንድ መንገድ ላይ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች በአንዳቸው ስም እንዲጠራ ሌላኛው እንቢ ብሎ፣ በመጨረሻ አባታቸው በሚያርስበት በቅሎ ስም ተስማሙ። አሁንም በበቅሎው ስም ነው የሚጠራው።

ዌንደል ሠላሳ ዓመት የካውንቲው ግሬደር፣ የመንገድ መደልደያ፣ ነጂ የነበረ ሰው ነው። በአሥር ዓመት ይበልጠኛል፤ «በስሜ ጥራኝ» ስላለኝ ግን አንተ እንዳልኩት ኖርን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከንፈሩ ሳይንቀሳቀስ የሚናገር ሰው ነበር። ካርታ ማንበብ አይወድም፣ መሬቱን ግን በመቀመጫው ያውቀዋል። አንድ በር ጋ ስንደርስ ሁልጊዜ የሚያደርገው አንድ ነው። ሞተሩን ያጠፋል። አንድ ጊዜ፣ አጭር፣ ጥሩምባ ይነፋል። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ከኪሱ ፔካን ያወጣል። ፔካን እዚያ በየግቢው የሚበቅል ቅርፊቱ ጠንካራ ፍሬ ነው። ሁለቱን በአንድ መዳፍ ጨብጦ እርስ በርስ ይሰብራቸዋል፤ ቀስ ብሎ ይለቅማል፤ ይበላል። አሥር ሳይጨርስ ንቅንቅ አይልም።

«ሞተሩን ለምን ታጠፋዋለህ?» አልኩት አንድ ቀን።

«ሞተሩን ያጠፋ ሰው አይቸኩልም ማለት ነው። እዚህ ሀገር የሚያስፈራቸው የሚቸኩል ሰው ነው።»

«አሥር ለምን ሆነ?»

«እናቴ ካረጀች በኋላ ከጓሮ እስከ በር ለመምጣት ያን ያህል ይፈጅባት ነበር» አለኝና ቅርፊቱን በመስኮት ጣለ።

ሌላም ትምህርት ሰጥቶኛል። የፖስታ ሳጥን አትመን፤ ከተማ ሄዶ ፖስታውን የሚቀበል አለ። ሽቦውን እይ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከገባ ውስጥ ሰው አለ። የለም የምትል ከሆነ ገብተህ አይተህ በል። እኔም ኪሴን በፔካን መሙላት ጀመርኩ። አልማዝ ሱሪዬን ስታጥብ ቅርፊቱ እያስቸገራት ስንት ጊዜ ተቆጥታኛለች።

ያ በር ጋ የደረስኩባት ቀን ስቅለት ነበረች፤ የእኛ ስቅለት። የእነሱ ቀደም ብሎ አልፏል፤ መሥሪያ ቤቱም ለእሱ ተዘግቶ ውሏል። አልማዝ ከሳምንት በፊት ጀምራ ትጨቀጭቀኝ ነበር።

«ኦፍ ጠይቃት እንጂ።»

«ምን ብዬ? ስቅለት በቀደም አልነበረም ወይ ብትለኝስ?»

«የእኛ ዓርብ ነው በላት፣ አለቀ።»

«ክርስቶስ ሁለቴ ተሰቀለ ልበላት?»

አፈርኩ፤ እውነቱ ይኸው ነው። ሥራ ካገኘሁ ዓመት ያልሞላኝ ባዕድ ሰው ነኝ፤ ሁለተኛ ስቅለት ለማስረዳት አፌ አልደፍር አለ። ስለዚህ በልቤ ወሰንኩ፦ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሥራዬን እጨርሳለሁ፣ በቀጥታ ዳላስ እነዳለሁ፣ ጌታ ነፍሱን በሰጠበት በዘጠኝ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለስግደት እቆማለሁ። ዌንደል ያን ቀን ጥርሱን ሊታከም ቀርቶ ብቻዬን ነበርኩ። አፌ ውሃ እንኳ አልገባም። ኪሴ ውስጥ ፔካን ነበረ፤ ጾም ስለሆንኩ አልነካሁትም።

የመጨረሻው መንገድ አምስት በሮች ነበሩት። አራቱን እንደ ደንቡ ሠራሁ። አምስተኛው ጋ ስደርስ ሰባት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። የብረት በር ነው፤ ሰንሰለትና ቁልፍ አለበት። ከበሩ ሥር ከብት እንዳያልፍ የብረት ፍርግርግ ተነጥፏል። ቤት አይታይም፤ ዛፍ ነው። የፖስታ ሳጥን የለም። ሽቦ ግን ነበረ። ከምሰሶው ተነሥቶ በዛፎቹ መካከል ሲገባ በዓይኔ አየሁት። ሞተሩን አላጠፋሁም። ጥሩምባም አልነፋሁም። መሪውን እንደያዝኩ ትንሽ ቆሜ፣ የመስክ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ «ከብት ብቻ። ሽቦው ለውሃ ፓምፕ» ብዬ ጻፍኩና ዞርኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ደረስኩ። ያን ዕለት የሰገድኩት ከልቤ ነበር፤ ይህን የምለው ራሴን ለመከላከል አይደለም፣ እንዲያውም የሚያመኝ ይኸው ነው።

ሰኞ ዌንደል ጉንጩ አብጦ መጣ። ደብተሩን ገልጦ ገጹን በጣቱ እየተከተለ አየው። «ሁሉም በር ላይ ጠበቅህ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። የሥራ ኃላፊው እሱ ስለሆነ ከሥሩ ፈረመበት።

ቁጥሮቹ በዚያው ክረምት መጨረሻ ለየቤቱ በፖስታ ተላኩ፤ መኸር ላይ አዲሱ ካርታ ሥራ ጀመረ። ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ፣ አንድ ጠዋት፣ አንድ ሽማግሌ 911 ደወሉ። ሚስታቸው ወጥ ቤት ውስጥ ወድቀዋል፣ ትንፋሻቸው ያጥራል። የስልኩን ንግግር ጽሑፍ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ስልክ ተቀባይዋ «ቁጥርዎ ስንት ነው?» ትላለች። «አልመጣልንም፤ የጎረቤቶቻችን መጥቷል፣ የእኛ ገና ነው» ይላሉ። የመንገዱን ስም ነገሯት። አምቡላንሱ መንገዱን ያዘ። ካርታው ላይ ከአራተኛው በር ወዲያ ቤት የለም፤ ሹፌሩም አራተኛው በር ደርሶ ዞረ። ተመልሶ ፈለገ፣ እንደገና ዞረ። በመጨረሻ ከአራተኛው ቤት አንድ ሴትዮ ወጥታ በእጇ አሳየችው። ሲደርሱ ወይዘሮዋ አልፈዋል። ኦፓል ይባሉ ነበር።

ካረን ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ይህን መንገድ ማን ነው የሠራው?» አለች። ዌንደል የመስክ ደብተሩን ከመደርደሪያው አውርዶ ገለጠው። የእጅ ጽሕፈቴን አየው። እኔን ግን አላየኝም።

«ፊርማው የእኔ ነው። ስለዚህ ጥፋቱም የእኔ ነው» አላት።

እኔ ዝም አልኩ። ወደ ታክሲ መመለስን ፈራሁ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የዌንደልን ፊት ፈራሁ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ዝም አልኩ፤ ያ ጥዋት ከሱዳን በረሃ ይልቅ ረዝሞብኛል። ከምሳ በኋላ ካረን ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሽቦውን፣ ሞተሩን፣ ለዌንደል የዋሸሁትን፣ ስቅለቱን።

እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ መሳቢያዋን ስባ አንዲት የዕረፍት መጠየቂያ ወረቀት አወጣች።

«ይህን ትሞላለህ፣ እኔ እፈርማለሁ። ሌላ ምንም የለውም። ለምን አልጠየቅኸኝም?»

ወረቀቷን አየኋት። የሚሞላባት ሦስት መስመር ነበር። ሥራዬን አላጣሁም፤ ማኅደሬ ውስጥ ደብዳቤ ገባ። ደብዳቤው አልከበደኝም፤ እነዚያ ሦስት መስመሮች ግን እስከ ዛሬ ድረስ ይታዩኛል።

ዌንደልን ይቅርታ ልጠይቀው ስል እጁን አነሣ። «እኔ አይደለሁም የምትጠይቀው» አለና የመኪናውን ቁልፍ ወረወረልኝ። ከኋላ የብረት ምሰሶ፣ መቆፈሪያና አረንጓዴ የቁጥር ሰሌዳ ጫነ። አምስተኛው በር ጋ ስንደርስ፣ በሩ ለለቀስተኞች ተከፍቶ ሰንሰለቱ መሬት ላይ ወድቋል። ዌንደል ሞተሩን አስጠፋኝና ባርኔጣውን አውልቆ እዚያው መኪና ውስጥ ቀረ። እኔ በእግሬ ገባሁ።

ሽማግሌው ሆሊስ ይባላሉ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከካውንቲው መሆኔን ነገርኳቸው። ወንበር አሳዩኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«ኦፓል መኪናችሁን አይታ ነበር» አሉ፣ እኔን ሳያዩ። «በጸደይ ነው። እኔ ከተማ ነበርኩ። እዚህ ተቀምጣ ባቄላ ስትፈለፍል ነጭ መኪና በሩ ላይ ቆሞ አየች። ዳሌዋ ተሰብሮ ስለነበር በከዘራ ነው የምትሄደው። ጫማዋን አድርጋ ተነሣች። እዚያ ትልቁ ዛፍ ጋ ስትደርስ መኪናው ሄደ።»

ዛፉን አየሁት። የመንገዱ አጋማሽ ላይ ነው።

«ማታ ስመጣ ነገረችኝ። ‹ቁጥር ሰጪዎቹ መጥተው ነበር፤ ይመለሳሉ› አለች። ጎረቤቶቻችን ሲደርሳቸው እኔ ልደውል ስል ‹ተዋቸው፣ ሥራ በዝቶባቸው ነው፤ ይመለሳሉ› ትለኝ ነበር።»

«መኪናው ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ጥሩምባ መንፋትና መጠበቅ ነበረብኝ። ጸሎት ላይ ለመድረስ ቸኩዬ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። ወደ በሩ አዩ። ከዚያ፣ «ቁጥሩን ይዘኸዋል?» አሉ።

«ይዣለሁ።»

«እንግዲያው ትከለው።»

በሩ ድረስ አብረውኝ መጡ። አፈሩ ደርቆ ጉድጓዱ ብዙ አስቸገረኝ። ሽማግሌው ምሰሶውን ቀጥ አድርገው ይዘውልኝ እኔ አፈር መለስኩ። 2316። ዌንደል ከመኪናው ወርዶ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ።

በሚቀጥለው ዓመት ሦስቱን መስመር ሞልቼ ስቅለትን ከጠዋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ። ማምሻውን ካህናቱ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን እየነኩ፣ እያንዳንዳችን ጥፋታችንን እየተናገርን ስግደት ስንቀበል ተራዬ ደረሰ። የንስሐ አባቴ ጎንበስ ብለው ሰሙኝ።

«ባልየው በሕይወት አሉ?» አሉኝ።

«አሉ፣ አባ።»

ወይራውን ከጀርባዬ አነሡት። «ስግደት አልሰጥህም። ስግደት ላንተ ይቀልሃል። ሄደህ ሰውየውን ጠይቃቸው፤ አንድ ቀን ብቻ እንዳይመስልህ።»

«ደግሞ ላሳዝናቸው ነው ወይ፣ አባ? እርስዎ ቢያዝዙኝ አንድ ሺህም እሰግዳለሁ።»

«አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የማልሰጥህ» ብለው ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ።

በቀጣዩ ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ሄድኩ። በሩ ተቆልፏል። ሞተሩን አጠፋሁ። አንድ ጊዜ፣ አጭር፣ ጥሩምባ ነፋሁ። ባርኔጣ ስለሌለኝ እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁና ፔካን አወጣሁ። በስድስተኛው ላይ ሽማግሌው ትልቁ ዛፍ ጋ ታዩኝ። የሚስታቸውን ከዘራ ይዘዋል። በዘጠነኛው ላይ በሩ ደረሱ። ቀያሽ ነኝና መለካት አልተውም፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በስንቱ ቅዳሜ ለክቼዋለሁ። ከአሥር አልፎ አያውቅም። ወይዘሮ ኦፓልም በዚያች ቀን በአሥር ይደርሱ ነበር።

ዌንደል ከሁለት ዓመት በፊት ዐረፈ። ልጁ በየዓመቱ ከግቢው ዛፍ አንድ ጆንያ ፔካን ትልክልኛለች። መሥሪያ ቤቱ አሁን የሚለካው በሳተላይት ነው፤ አዲሶቹ ልጆች ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መንገድ ይስላሉ፣ ሥራቸውም ከእኔ ሥራ ይበልጥ የጠራ ነው። ከዳላስ የሚመጡት አዳዲስ ቤቶች ምሥራቁን ጥቁር አፈር ይዘውታል።

ጡረታ በወጣሁ ማግሥት ቅዳሜ ነበር። እንደ ልማዴ ሄጄ ሞተሩን አጥፍቼ ጠበቅሁ። አሁን ከዘራው ሁለት ሆኗል። ሆሊስ በሩ ጋ ሲደርሱ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ከኪሳቸው አንድ ቁልፍ አወጡ።

«ይኸውልህ፤ የአንተ ነው። አስቀርጬዋለሁ። ከእንግዲህ ራስህ ከፍተህ ግባ፤ እዚህ ተቀምጠህ አትጠብቀኝ።»

ቁልፉን አየሁት። አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። መዳፋቸውን ቁልፉ ላይ በሁለት እጄ መልሼ ዘጋሁት።

«አይ፤ እጠብቅዎታለሁ» አልኳቸው።

አሥረኛው ፔካን እጄ ላይ ነበር። ሰብሬ ሰጠኋቸው፤ በሩን ደግፈው በሉት።